ነፋስ ሲያዛባውና ሰው ሲያዛባው፦ መልእክት እስከ ስንት ጥፋት ድረስ ይተርፋል?

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ከዘጌ ጀልባ ማቆሚያ ስልክ የሚደውል ሰው ድምፁ ይቆራረጣል። «ጋሼ፣ ስድስት ነው ያሉት ስድሳ?» ይላል ባሕር ዳር ሆኖ ቡናውን የሚጠብቀው። ነፋሱ ያችን ቃል መርጦ አልበላትም፤ በዚያች ቅጽበት ያጋጠመችው እሷ ሆና ነው። ነፋስ ሸር አያውቅም። ሰው ግን ያውቃል። መስመሩ መካከል የተቀመጠ ሸረኛ ከመቶው ቃል ዘጠና ዘጠኙን እንዳለ ያሳልፍና «ስድስት»ን «ስድሳ» ያደርጋታል።

ሁለቱም ያበላሹት አንድ ቃል ነው። ጉዳታቸው ግን እኩል አይደለም፤ ልዩነቱም በግምት ሳይሆን በሂሳብ ይታወቃል። በስልካችን፣ በባንክ መልእክታችንና በምንቃኘው ኪው አር ኮድ ውስጥ ያለው ስሕተት የማረም ሥራ ሁሉ እዚህ ሂሳብ ላይ ቆሟል። «ይህ ነገር ስሕተትን ያርማል» ሲባል «ነገር አይደርስበትም» ብሎ የሚረዳው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እርማቱ የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

የተዛባ መልእክት መዛባቱ በምን ይታወቃል?

በትርፍ። ትርፍ ስንል ለመልእክቱ የግድ ያላስፈለገ፣ ግን አብሮ የተላከ ነገር ማለታችን ነው። አማርኛ ራሱ በትርፍ የተሞላ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም። ሆኖም ዓሣ ገበያው ውስጥ «ዛሬ ቆሮሶ አለ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ዓሣው ተናገረ ብሎ አያነብም። የዓረፍተ ነገሩ ቀሪ ክፍል የጎደለውን ይሞላዋል።

ስልክ ቁጥር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር የለውም። በ09 ከሚጀምረው አሥር አኃዝ አንዱ ቢሳሳት የሚወጣው የሌላ ሰው ቁጥር ነው እንጂ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ምልክት አይታይም።

ትርፍን በብልሃት መጨመር ኮድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሰው፣ ስሕተት ባገኘ ቁጥር ሥራውን ጥሎ በሚቆም የስሌት ማሽን ተማርሮ፣ ማሽኑ ጥፋቱን ራሱ ፈልጎ የሚያርምበትን ዘዴ አሳተመ። እርሳስና ወረቀት ይዞ መከተል ይቻላል።

የምንልከው 1011 ነው እንበል። አራቱን አኃዞች በ3ኛ፣ በ5ኛ፣ በ6ኛና በ7ኛ ቦታ እናስቀምጣለን። 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ቦታ የመቆጣጠሪያ ናቸው። በ1፣ 3፣ 5፣ 7 ቦታ ያሉት የ«1» ምልክቶች ሲቆጠሩ ጥንድ (ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር) መሆን አለባቸው። በ2፣ 3፣ 6፣ 7 ያሉትም እንዲሁ፣ በ4፣ 5፣ 6፣ 7 ያሉትም እንዲሁ። መቆጣጠሪያዎቹን ይህን እንዲያሟሉ አድርገን ስንሞላቸው የሚላከው 0110011 ይሆናል።

መንገድ ላይ 5ኛው ተገልብጦ 0110111 ደረሰ። ተቀባዩ ሲቆጥር የመጀመሪያው ቡድን ጎዶሎ፣ ሁለተኛው ጥንድ፣ ሦስተኛው ጎዶሎ ይሆንበታል። ጎዶሎ የሆኑት ቡድኖች የሚጀምሩት በ1 እና በ4 ነው፤ ሲደመሩ 5። ጥፋቱ ያለው 5ኛው ላይ ነው። መልሶ ይገለብጠዋል፤ አለቀ።

አሁን ሸረኛው ይግባ። እሱ ሁለት ይገለብጣል፤ 5ኛውንና 6ኛውን። የሚደርሰው 0110101 ነው። ተቀባዩ ይቆጥራል፦ ጎዶሎ፣ ጎዶሎ፣ ጥንድ። 1 እና 2 ሲደመሩ 3። እንግዲህ 3ኛውን «ያርማል»፤ 0100101 ይሆናል። ሦስቱን ቡድኖች ደግሞ ቢፈትሽ ሁሉም ጥንድ ናቸው፤ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ያነበበው መልእክት ግን 0101 ነው። ከአራቱ አኃዝ ሦስቱ ተሳስተዋል፤ ሸረኛው የነካው ግን ሁለቱን ብቻ ነበር። ሦስተኛውን ያበላሸለት ተቀባዩ ራሱ ነው።

ከአቅሙ በላይ የተነካ ኮድ ሁልጊዜ ዝም ብሎ አይወድቅም። በሙሉ ልብ የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ጥፋቱ በአጋጣሚ ከሆነ እስከ ስንት ይቻላል?

መልሱን የሰጠው ክሎድ ሻነን ነው፤ እሱም እንደ ሃሚንግ በቤል የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1948 ነው። በ0 እና በ1 ብቻ የሚላክ መልእክት እያንዳንዱ አኃዝ በአጋጣሚ የመገልበጥ ዕድል ቢኖረውም፣ ዕድሉ ከግማሽ እስካነሰ ድረስ መልእክቱን በአስተማማኝ ሁኔታ ማድረስ ይቻላል። ዋጋው ትርፉ ነው። ከመቶ 10 አኃዝ በአጋጣሚ በሚገለበጥበት መስመር፣ ከምንልከው 100 አኃዝ ወደ 53 የሚጠጋው እውነተኛ መልእክት፣ የቀረው ትርፍ ይሆናል። ከመቶ 11 ሲገለበጥ መልእክቱ ወደ 50 ይወርዳል። ልክ 50 በመቶ ላይ ሲደርስ የሚመጣው አኃዝ ሳንቲም እየወረወሩ ከመጻፍ አይለይም፤ ምንም አያልፍም።

ሸረኛ ሲሆን ምን ይለወጣል?

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሸረኛውም ወሰን አለው ብለን ነው የምንጀምረው። ሁሉንም መለወጥ የሚችል ከሆነ መልእክታችንን ጥሎ የራሱን ይልካል፤ ያንን የሚከላከል ኮድ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ከሚላከው ውስጥ ይህን ያህል ድርሻ ብቻ መንካት ቢችል፣ ግን የትኛውን እንደሚነካ ራሱ ቢመርጥስ?» የሚል ነው።

1,000 አኃዝ አለን፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋግመን 3,000 እንላለን። ተቀባዩ በየሦስቱ የበዛውን ይወስዳል። ከመቶ 10 በነፋስ ቢገለበጥ፣ ከሦስት ቅጂ ሁለት ወይም ሦስቱ አብረው የሚሳሳቱበት ዕድል 2.8 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ውስጥ በአማካይ 28 ይበላሻሉ። ሸረኛውም ያው 10 በመቶ ይሰጠው፤ 300 መገልበጥ ይችላል። እሱ ግን ሦስተኛዋን ቅጂ ለመንካት ጉልበት አያባክንም፣ አንዷን ብቻ ገልብጦም አይተውም። ሁለት ሁለት እያለ 150 አኃዝ ያበላሻል። የትኞቹን? ዋጋውን፣ ብዛቱንና ስሙን።

የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት የሚያጠና ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የገልባጭ ዓይን ከአንድ ቃል ወደ ታች ወዳለው ተመሳሳይ ቃል ዘልሎ መካከሉን ያስቀራል፤ ሌላው ገልባጭ ደግሞ ሌላ ቦታ ይስታል። ቅጂዎች ሲነጻጸሩ ስሕተቶቹ ተበታትነው ስለሚገኙ የበዛው ንባብ ያሸንፋል። ግን በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የርስትና የጉልት ነገር ይመዘገብ ነበር። እዚያ ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው የሚፍቀው አንድ ቦታ ነው፤ የወሰኑን ስም። ቀሪው ገጽ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ንጽሕናውም ለሐሰቱ ምስክር ይሆንለታል።

ገደቡ ለምን ሩብ ሆነ?

በ0 እና 1 ብቻ ስንጽፍ፣ ሸረኛው ከሚላከው ሩቡን (25 በመቶውን) መገልበጥ ከቻለ ረጅም መልእክትን ያለ ጥርጥር መልሶ ማግኘት አይቻልም። ምክንያቱ ሁለት እርምጃ አለው።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ትርፉ ተጨምሮበት የሚላከው የአኃዝ ሰልፍ፣ እንደ 0110011 ያለው፣ የኮድ ቃል ይባላል፤ ሁለት የኮድ ቃላት የሚለያዩባቸው ቦታዎች ብዛት ደግሞ ርቀታቸው ይባላል። ሁለት የጀልባ ማቆሚያዎች በሐሳባችሁ አስቡ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የተንሳፈፈ ጀልባ ሲገኝ ወደቀረበው ማቆሚያ ይጎተታል። ነፋሱ ከመካከለኛው መስመር አልፎ ከገፋው ግን ወደማይገባው ወደብ ይወሰዳል። ስለዚህ ሁሌም መታረም የሚችለው ጥፋት ከርቀቱ እኩሌታ በታች ነው። የሃሚንግ ባለ ሰባት አኃዝ የኮድ ቃላት እርስ በርስ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለያያሉ፤ የሦስት እኩሌታ አንድ ተኩል ነው፤ ለዚህ ነው አንዱን አርሞ በሁለቱ የወደቀው።

ሁለተኛው እርምጃ «ታዲያ ማቆሚያዎቹን ለምን አራርቀን አንተክላቸውም?» የሚለው ነው። ቦታ አይበቃም። መቶ የኮድ ቃላት እንዳሉን እንውሰድና አንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ የሁሉንም 1ኛ አኃዝ እንመልከት። ያለው 0 ወይም 1 ነው። የሚለያዩ ጥንዶች እንዲበዙ ከፈለግን ያለው ምርጫ ሃምሳውን 0፣ ሃምሳውን 1 ማድረግ ነው። ያኔ የሚለያዩት 50 በ50፣ 2,500 ጥንዶች ናቸው። ከመቶ ቃላት የሚወጡት ጥንዶች ግን 4,950 ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ ከ50.5 በመቶ በላይ ጥንዶች ሊለያዩ አይችሉም፤ በየቦታውም እንዲሁ። ቃላቱ ሲበዙ ይህ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የማይራራቁ ሁለት ቃላት ሁሌም ይኖራሉ፤ ሸረኛውም የልዩነታቸውን እኩሌታ፣ ማለትም የጠቅላላውን ሩብ ገልብጦ መልእክቱን ልክ መካከላቸው ላይ ያስቀምጠዋል። ተቀባዩ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ምንም ዓይነት ኮምፒውተር ቢኖረው፣ ከየትኛው እንደተነሣ ማወቅ አይችልም።

መልእክቱ «ጫን» ወይም «አትጫን» ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ አንዱ ሁሉም 0፣ ሌላው ሁሉም 1 ሊሆን ይችላል፤ ያ እስከ ግማሽ ይተርፋል። ሩቡ የሚመጣው ብዙ መናገር ስንፈልግ ነው።

ከሩቡ በታችም ቢሆን ዋጋው ይከብዳል። ሸረኛው 10 በመቶ ሲነካ፣ ከ100 አኃዝ 28 ያህሉን መልእክት ማድረግ እንደሚቻል የተረጋገጠ ነው፤ ከ47 በላይ እንደማይቻልም እንዲሁ። ትክክለኛው ቁጥር በሁለቱ መካከል የት ላይ እንዳለ ከ70 ዓመት በላይ የተሠራበት፣ እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ ነው። ነፋስ በነበረበት ጊዜ ቁጥሩ 53 እንደነበር አስታውሱ።

ከ0 እና 1 ይልቅ ብዙ ምልክት ብንጠቀምስ?

ገደቡ ወደ ግማሽ ይወጣል። መሠረታዊዎቹ የአማርኛ ፊደላት 33 በ7፣ 231 ናቸው፤ በእነሱ የተጻፉ ሁለት ቃላት በሁሉም ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ፣ እንደ 0 እና 1 በግማሹ አይጋጠሙም። ርቀቱ ወደ ሙሉ ሲጠጋ እኩሌታው ግማሽ ይሆናል። ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ኮድ ይህን ያደርጋል፤ ሲዲ ሲቧጠጥ ሳይቋረጥ የሚጫወተው፣ ኪው አር ኮድ ተቀድዶ የሚነበበው በእሱ ነው።

ከግማሽ ላይ ግን ሸረኛው የራሱን መልእክት ግማሽ ከእኛ ግማሽ ጋር ያጣምረዋል። ተቀባዩ ሁለት እኩል ምስክር ፊት ይቆማል።

መዋጥና መዋሸት አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ምናልባትም በጠቅላላው ጉዳይ ውስጥ ለተራ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። የጠፋ አኃዝ ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል፣ የት እንደጠፋ ይታያል። የተለወጠ አኃዝ ግን ራሱን ይደብቃል። ርቀቱ ሦስት የሆነው የሃሚንግ ኮድ አንድ ውሸት ብቻ ሲያርም ሁለት ክፍተት ይሞላል።

በታንኳ እናስበው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር አንዱ ስለሌላው በማያውቁ ቀዛፊዎች እጅ ያው ደብዳቤ ይላካል። ከቀዛፊዎቹ አንዱ ደብዳቤውን የሚጥል ቢሆን ሁለት መላክ ይበቃል፤ አንዱ ይደርሳል። የሚለውጥ ቢሆን ግን ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደዋሸ አይታወቅም፤ ሦስት ያስፈልጋል። ሁለት ውሸታሞች ካሉ አራት አይበቃም፣ ሁለት ለሁለት ይሆናል፤ አምስት ነው የሚያስፈልገው። ውሸታሞቹን እጥፍ አድርጎ አንድ መጨመር ነው። ኢንተርኔት ላይ መልእክት በተለያዩ መንገዶች ሲሄድም ሕጉ ያው ነው።

አሁን ላኪው ማንም ሊያስመስለው የማይችል ማኅተም ይኑረው። የተለወጠ ደብዳቤ ማኅተሙ ስለማይገጥም ወዲያው ይጣላል። ውሸቱ ወደ መጥፋት ተለወጠ ማለት ነው፤ ለሁለት ውሸታሞች አምስት ሳይሆን ሦስት ቀዛፊ በቃ። ኮምፒውተሮች ይህን ማኅተም ላኪና ተቀባይ ብቻ በሚያውቁት ምሥጢራዊ ቁልፍ ያሰላሉ። የባንክ መተግበሪያዎች ስሕተት በማረም ብቻ የማይተማመኑት ለዚህ ነው፤ ስሕተት ማረም የነፋስ መድኃኒት ነው፣ ማኅተም የሸር።

ሩቡን ማለፍ የሚቻልበት መንገድ አለ?

ገደቡ አይሰበርም፤ ግን የጨዋታው ሕግ ሊለወጥ ይችላል።

ብርቱው መንገድ ምሥጢር መጋራት ነው። ላኪና ተቀባይ አኃዞቹን የሚያደበላልቁበትን ቅደም ተከተልና የሚሸፍኑበትን ጭምብል (የትኞቹ አኃዞች ተገልብጠው እንደሚላኩ) አስቀድመው ከተስማሙ፣ ሸረኛው የትኛው አኃዝ ዋጋ፣ የትኛው ሰላምታ እንደሆነ አያውቅም። መምታቱን ይመታል፤ የመታው ግን ነፋስ እንደመታው ያህል ይበታተናል። ከ100 ወደ 53 እንመለሳለን። ነገሩ የሚበላሸው ሰው ሲሰንፍ ነው፤ ያንኑ ቅደም ተከተልና ጭምብል ደጋግሞ የተጠቀመ ቀስ በቀስ ይገለጥበታል።

ሌላው መልሶ ማስነገር ነው። ላኪው ምን እንደደረሰ ወዲያው ማየት ከቻለ፣ በየደረጃው የተዛባውን እያካካሰ ይቀጥላል። ኤልዊን በርሌካምፕ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው ገደቡ ያኔ ከሩብ ወደ ሲሶ ይወጣል። ቅድመ ሁኔታው የመልሱ መስመር አለመነካቱ ነው። በዚያው ስልክ «ስድሳ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ሸረኛው በሁለቱም አቅጣጫ ከተቀመጠ አይረዳም። በሌላ መንገድ መጠየቅ ነው፤ ደብዳቤ ከመጣ በስልክ፣ ስልክ ከሆነ በሰው።

ሦስተኛው አንድ መልስ አለመጠየቅ ነው። ተቀባዩ «ከእነዚህ ከሦስት አራቱ አንዱ ነው» የሚል አጭር ዝርዝር ከተፈቀደለት፣ በ0 እና 1 እንኳ እስከ ግማሽ መጠጋት ይችላል፤ ወደ ግማሽ በተጠጋ ቁጥር ግን ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ትርፉም ይበዛል። ሐሳቡ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነበር፤ ኮምፒውተር በተመጣጣኝ ጊዜ የሚሠራበትን ዘዴ ለሪድና ሰለሞን ኮድ ያመጣው ማዱ ሱዳን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997። ከዝርዝሩ ትክክለኛውን ለመለየት በሌላ ታማኝ መንገድ የመጡ ጥቂት አኃዞች ይበቃሉ።

ሱቅ ላይ የተለጠፈው ኪው አር ኮድስ?

ባሕር ዳር ውስጥ በየሱቁ የምናየው ያ ጥቁርና ነጭ ካሬ አራት የእርማት ደረጃ አለው፤ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ያህል ጉዳት ይችላል። ደረጃው በጨመረ ቁጥር ነጠብጣቦቹ ይበዛሉ፤ ተቀንሶ ሲታተም ደካማ ካሜራ ያስቸግረዋል። ውሃ በሚረጭበት፣ ፀሐይ በሚያነጣው የሐይቅ ዳር ሱቅ 25 ወይም 30 ያለውን ተልቅ አድርጎ ማተም ይሻላል። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ግን በእርማቱ ውስጥ የሉም፤ ካሜራው ኮዱን የሚያገኘው በእነሱ ነው፣ አንዱ ከተቀደደ ቀሪው ንጹሕ ሆኖም ላይነበብ ይችላል። ፕላስተር ወይም ዋጋ መጻፊያ እነሱ ላይ አይለጠፍም።

ይህ ሁሉ ለጭረትና ለዝናብ ነው። ሌሊት መጥቶ የራሱን ኮድ በላዩ የሚለጥፍ ሰው 30 በመቶ አልነካም፣ መቶ በመቶ ተካው እንጂ። አዲሱ ኮድ እንከን ስለሌለው ስልኩ ወዲያው ያነበዋል። ስለዚህ ከፋዩ ማየት ያለበት የኮዱን ንጽሕና ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት ስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ነው፤ ስሙን ከባለሱቁ አፍ ሰምቶ ያመሳክር። ባለሱቁም ጠዋት በሩን ሲከፍት ጣቱን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያስኪድ፤ ሁለተኛ ወረቀት ካለ ጠርዙ ይነካዋል። ከዚያ በራሱ ስልክ ቃኝቶ የሚወጣው ስም የራሱ መሆኑን ይይ።